በአነስተኛ ክፍያ የሥነ ልቦና ምክር ለሚሰጥ ማእከል የሚጠቅመው ድጋፍ የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ የፒያሳ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ቤት ዋለ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም የሥራ ማጣት ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብለን ነበር። ወራት ሲቆጠሩ ግን እንቅልፍ አጣ፣ ማዕድ መቅረብ ተወ፣ መጋረጃ እንዲገለጥ እንኳ የማይፈልግ ሰው ሆነ። እናታችን ሽንቁሩ ሚካኤል ጠበል ይዛው ሄደች፤ እዚያ ያገኟቸው አንድ አባት «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ የሚያዳምጠው ባለሙያም ይፈለግለት» ብለው መከሯት። በእርሳቸው ቃል ተበረታተን ስንጠይቅ አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ የምክር ማእከል አገኘን። የግል ክሊኒኮች የሚጠይቁትን በየሳምንቱ መክፈል ለቤተሰባችን የማይቻል ነበር፤ ማእከሉ ግን የገቢያችንን መጠን ጠይቆ በአንድ ክፍለ ጊዜ 150 ብር ብቻ አስከፈለን። ወንድሜ አምስት ወር ተመላለሰ። ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም እናታችንን ገበያ ይወስዳታል።

ባለፈው ወር ለምስጋና ወደ ማእከሉ ጎራ ስል የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የቤት ኪራዩ ጨምሯል፣ ከአምስቱ አማካሪዎች ሁለቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ለቀዋል፣ አዲስ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ቀጠሮውን ለማግኘት ሁለት ወር ይጠብቃል። ወንድሜ በዚያን ጊዜ «ሁለት ወር ጠብቅ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር የሚለው ሐሳብ እስከ አሁን አልለቀቀኝም።

አሥራ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛሞች በየወሩ የምንገናኝበት ማኅበር አለን። ነገሩን ሳነሣላቸው አንድም የተቃወመ አልነበረም፤ እስከ አሁን 90,000 ብር አሰባስበናል። የተለያየነው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ገሚሶቻችን ወንበርና ኮምፒዩተር ገዝተን እናስረክብ እንላለን፤ ሌሎች የተወሰነ ወር ኪራይ እንሸፍን ይላሉ፤ የቀሩት ደግሞ በሆቴል አዳራሽ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ብናዘጋጅና በማእከሉ የተረዱ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው ቢመሰክሩ ብዙ ገንዘብ ይገኛል የሚል ሐሳብ አላቸው። ሁለት ጓደኞቼ «እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ገብተን ሰው ብናዳምጥስ?» ብለዋል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም እንዲህ ያለውን ድርጅት ሒሳብ የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩን በጣም እናመሰግናለን።

መልስ፦ አማካሪ ከስድስት ኪሎ

እንኳን ወንድምዎ ደኅና ሆነልዎ። በምክር ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን ስድስት ኪሎ ተምሬ ለሰባት ዓመታት እንዲህ ባለ ማእከል ውስጥ ስለ ሠራሁ፣ የምጽፍልዎ ከውስጥ ሆኜ ያየሁትን ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ የሰው ጊዜ ነው። አማካሪው ከአንድ ተገልጋይ ጋር ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፣ ከዚያም ማስታወሻውን ይጽፋል፤ በቀን ከአምስት ወይም ከስድስት ሰው በላይ ልይ ካለ የመጨረሻዎቹን ሰዎች በጆሮው እንጂ በልቡ አያዳምጣቸውም። ስለዚህ እንደ ሌላው አገልግሎት ብዙ ሰው በማስተናገድ ወጪን ማቃለል አይቻልም። ለምሳሌ ያህል ደመወዙ፣ ኪራዩና መብራቱ ተደምሮ አንድ ክፍለ ጊዜ ማእከሉን 700 ብር የሚያስወጣው ከሆነና ተገልጋዩ 150 ብር ከከፈለ፣ 550 ብሩን አንድ ሰው መሸፈን አለበት። መክፈል የሚችሉ ተገልጋዮች ሙሉውን ሲከፍሉ የተወሰነው ክፍተት ይሞላል፤ የቀረው የሚጠበቀው ከደጋፊ ነው። ወንድምዎ በተመላለሰባቸው አምስት ወራት ውስጥ ያንን ክፍተት የሞላለት፣ እናንተ የማታውቁት ሰው ነበረ ማለት ነው።

ወንበሩንና ኮምፒዩተሩን እኔ አልመርጥም። የእኛ ማእከል በአንድ ወቅት ሦስት ኮምፒዩተር በስጦታ ተቀብሎ በዚያው ወር አንዲት አማካሪ ደመወዝ ባለመከፈሉ ለቃለች። አማካሪ የሚቀጠረው በዓመት ውል ነው፤ አንድ ጊዜ በተሰጠ ብዙ ገንዘብ ሰው ቀጥሮ ገንዘቡ ሲያልቅ ማሰናበት፣ ምስጢሩን መናገር የጀመረን ተገልጋይ በመሐል ጥሎ መሄድ ነው። ይህም ሳይጀመር ከሚቀረው ይልቅ ይጎዳል፤ ሰውየው ዳግመኛ ሌላ በር ለማንኳኳት ድፍረት ያጣልና። ስለዚህ በየወሩ የማይቋረጥ 5,000 ብር፣ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ 60,000 ብር ይበልጣል። ዳይሬክተሩ «ይህ ገንዘብ እስከ ሚቀጥለው መስከረም ይመጣል» ብሎ መተማመን ከቻለ ሰው ይቀጥራል፤ ሰው ከተቀጠረ ወረፋው ይቀንሳል።

ለጋሾች ፈጽሞ የማያስቡት አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም ሱፐርቪዥን ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሐዘን የሚሰማ አማካሪ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ተቀምጦ የከበዱትን ጉዳዮች ማየት አለበት። ይህ ሲጎድል አማካሪው ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ በመጨረሻም ሙያውን ይተዋል። ሁለቱ አማካሪዎች የለቀቁት ለደመወዝ ብቻ መሆኑን ቀስ ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከዕቃ አንድ ነገር ግዙ የምትሉኝ ከሆነ ክፍሎቹን የሚለየውን ግድግዳ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ማእከላት የመኖሪያ ቤት ተከራይተው ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ስለሚከፍሉ ድምፅ ያልፋል። ወረፋ ጠባቂው የውስጠኛውን ሰው ልቅሶ ከሰማ፣ የእርሱም ነገ እንደሚሰማ ያውቃልና እውነተኛ ችግሩን አይናገርም።

በመድረክ ላይ ማስመስከሩን ግን ከልቤ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። የተረዳ ሰው ባለ ውለታ ስለሆነ «እምቢ» ለማለት አይችልም፤ በዚህ ሁኔታ የሚሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። የምንኖረው «አማኑኤል ይወሰድ» የሚለው ቃል ለስድብ በሚነገርበት ከተማ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ያገለገለው ተቋም ስሙ መስደቢያ መሆኑ፣ ድባቴ ወይም ጭንቀት የያዘው ሰው ለምን እንደሚደበቅ ይነግረናል። ወንድምዎ በመድረክ ላይ ቢናገርና በሚቀጥለው ወር ለዕድገት ቢወዳደር፣ አለቃው ያንን ቪዲዮ አያይም ብሎ ማን ዋስ ይሆናል?

በነፃ ስለ ማዳመጥ ያነሡት ሐሳብ ቅን ቢሆንም አልደግፈውም። ማዳመጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተገልጋዩ ራሱን ስለ ማጥፋት ሲናገር ምን ይባላል፣ ለማን ይደወላል፣ መቼ ወደ ሆስፒታል ይላካል የሚለው ሥልጠና ይጠይቃል። ጓደኞችዎ ቀጠሮ በስልክ ማስታወስ፣ ሒሳብ መያዝ ወይም ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም የምልክት ቋንቋ የሚችሉ ከሆነ በማስተርጎም ቢያግዙ ግን ከፍ ያለ ጥቅም አለው።

መልስ፦ የሒሳብ መርማሪ

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሒሳብ ምርመራ ላይ ስለምሠራ የምጨምረው በዚሁ በኩል ያለውን ነው።

ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን በቅድሚያ አረጋግጡ፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ማሳየት ለእነርሱ የሚከብድ ነገር አይደለም። ቀጥሎ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት እንድታነቡ ጠይቁ። መጠየቁ ነውር መስሎ የሚታያቸው ብዙ ደጋፊዎች አጋጥመውኛል፤ በሥርዓት የሚሠራ ድርጅት ግን ሪፖርቱን ሲጠየቅ ይደሰታል።

አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን የሰሙ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ «ገንዘባችን ለደመወዝ እንዳይውል» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ። ይህ ስሕተት ነው። ተገልጋይ የሚያየው አማካሪ ደመወዝ የዓላማው ማስፈጸሚያ ወጪ እንጂ የቢሮ ወጪ አይደለም፤ የምክር ማእከል ያለ አማካሪ ደመወዝ ባዶ ቤት ነውና። ሪፖርቱን ስታነቡ የአማካሪዎቹንና የአስተዳደር ሠራተኞቹን ደመወዝ ለይቶ ማስፈሩን እዩ።

አንድ ጓደኛዎ «ለትርፍ አልቆምኩም እያለ ለምን ያስከፍላል?» ብሎ ሊጠይቅ ስለሚችል ይህንንም ልግለጽ። በዚሁ አዋጅ ድርጅቶች ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ የሚሆን ገቢ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ የተከለከለው ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ነው። ስለዚህ ከሚችለው ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ ለማይችለው መቀነስ ሕጋዊ ብቻ ሳይሆን፣ በእኔ ግምት ደጋፊ ሲጠፋም ማእከሉን የሚያቆየው ዋናው ምሰሶ ነው።

ገንዘቡን ለግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስገቡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የምትሰጡበትን ዓላማም በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ የተገልጋይ ስም የያዘ ሪፖርት እንዳትጠይቁ አደራ። የክፍለ ጊዜው ብዛት ይበቃችኋል።

መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ

ከአማካሪዋ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በበጎ ፈቃደኞች ጉዳይ ላይ ግን በሩን ፈጽሞ መዝጋት የለብንም እላለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሰፈር፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም አሥራ አራት አረጋውያን ሴቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረጉ። የዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙም አብዝቶ ማሰብ ነው። እኛስ «ሐሳብ ገባው»፣ «ሐሳብ አመነመነው» እንል የለም? በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2016 ሲታተም፣ በእነዚህ እናቶች የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የሕመም ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት፣ የሙያው ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ሠልጥነው የሚሰጡትን፣ እያንዳንዳቸው ዘጠና ደቂቃ በሚወስዱ አምስት ክፍለ ጊዜዎች የሚጠናቀቅ የእርዳታ ዘዴ አውጥቷል።

የእኛም ሁኔታ ይህን እንድናስብ ያስገድደናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ባለሙያ እስኪበዛልን ድረስ ብቻ እንጠብቅ ካልን ወረፋው አያልቅም። ስለዚህ ጓደኞችዎ ቅዳሜ ገብተው ያዳምጡ አልልም፤ ማእከሉ በሱፐርቪዥን የሚታገዝ ሥልጠና የመስጠት አቅም ካለው ግን ገንዘባችሁ ሥልጠናውን ቢደግፍ እመርጣለሁ።

መልስ፦ አማካሪ ከስድስት ኪሎ

የባለሙያው አስተያየት ትክክል ነው፤ ቃሌን አሻሽላለሁ። የሐራሬዎቹ እናቶች ሥልጠና ብቻ ሳይሆን ከኋላቸው የሚጠይቁት ባለሙያ ነበራቸው። ነገሩ ተመልሶ ከሱፐርቪዥኑ ወጪ ላይ ያርፋል። ማእከሉ ያሉትን ሦስት አማካሪዎች በወጉ መደገፍ ካቃተው አሠልጣኝ ሁን ብሎ ማዘዝ ሌላ ሸክም መጫን ስለሚሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በሁለተኛው ብታስቡት ይሻላል።

መልስ፦ አንድ ተገልጋይ የነበርኩ

እኔ በእንዲህ ያለ ማእከል ስምንት ወር በ100 ብር ተረድቻለሁ። «ለድሆች በነፃ ይሁን» ብላችሁ እንዳትከራከሩ ብዬ ነው የምጽፈው። በዚያን ጊዜ የቤት ኪራዬን ወንድሜ፣ ምግቤን እኅቴ ይችሉልኝ ነበር፤ በራሴ ገንዘብ የምከፍለው ነገር ቢኖር ያ 100 ብር ብቻ ነበር። ከሜክሲኮ ታክሲ ይዤ ስሄድ በኪሴ የያዝኩት ብር ለማኝ አለመሆኔን ይነግረኝ ነበር። ከናካቴው የሌለው ሰው በነፃ ይታይ፤ ያለው ግን የቻለውን ይክፈል። ሌላው የምለምነው፣ ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ የቀረሁት የታክሲ ስላልነበረኝ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ማእከሉ ሳይጠየቅ በፖስታ አድርጎ የሚሰጠው ትንሽ የመጓጓዣ ገንዘብ ቢኖረው ብዙ ሰው አይቋረጥም። ሆቴሉ ውስጥ ብትጠሩኝ ኖሮም እመጣ ነበር፤ እመጣ የነበረው ግን ወድጄ አልነበረም።

መልስ፦ የካዛንቺስ እድር ጸሐፊ

ልጆቼ፣ ያነሣችሁት ጉዳይ እድራችንንም የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ልበል። ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ አባሎቻችን ገላን ጉራና ሌሎችም ቦታዎች ገብተዋል። እድሩን አላፈረስንም፤ ቀብርና ሐዘን ሲኖር አሁንም እንጠራራለን። ነገር ግን ዐርባ ዓመት ደጃፍ ለደጃፍ ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ሲራራቁ ምን እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቷ የሞተባት አንዲት አባላችን ቀድሞ ቢሆን አንድም ቀን ብቻዋን አታድርም ነበር፤ አሁን በአዲሱ ሰፈር ከሠልስት በኋላ የሚጠይቃት ጎረቤት አላገኘችም።

እድር ለሙታን ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በኤች አይ ቪ ዘመን ግን በዚህ ከተማ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። እኛም በጉባኤ ተነጋግረን ከመዋጮው ትንሽ ቀንሰን፣ አባል በሐሳብና በጭንቀት ሲታመም ለሕክምናው እንዲውል ወስነናል። ሲጀመር «ያበደ የለንም» ብለው የተቆጡ ነበሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን፣ ስም ሳይጠራ ገንዘብ ያዡ ብቻ እያወቀ እንዲከፈል አደረግን። ከዚያ ወዲህ አራት ሰው ተጠቅሟል፤ እነማን እንደሆኑ እኔ ጸሐፊው እንኳ አላውቅም።

የምመክራችሁ በየአካባቢያችሁ ካሉ እድሮች ጋር ተነጋገሩ ነው። አሥራ ሦስት ሰው መልካም ነው፤ አንድ እድር ግን ሁለት መቶ ቤት አለው፣ መዋጮውንም ማቋረጥ አያውቅም። ማእከሉንም በእኔ ስም ጠይቁልኝ፤ ከገላን ጉራ አራት ኪሎ መመላለስ ለአረጋዊ ሰው ከባድ ነውና በሳምንት አንድ ቀን እዚያው ወርዶ የሚያገለግል አማካሪ ቢመድቡ፣ እድራችን የሚቀመጥበትን ክፍል ይፈልጋል።

ጠያቂ፦ የፒያሳ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን አትሜ ለጓደኞቼ አንብቤላቸዋለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞም ሦስታችን ሄደን የማእከሉን ዳይሬክተር አነጋገርናቸው። የምዝገባውን ወረቀትና የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቀን ሳንጨርስ አውጥተው ሰጡን።

ግድግዳው አማካሪዋ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው። እኔ ወንድሜን አምስት ወር ሙሉ እያመላለስኩ በዚያው ኮሪደር ስቀመጥ ድምፅ እንደሚያልፍ አስተውዬ አላውቅም ነበር፤ ወንድሜን ስጠይቀው ግን «እኔ እኮ ዝግ ብዬ ነበር የማወራው» አለኝ። ሁለቱን ክፍሎች በብሎኬት ለመለየትና በሮቹን ለመቀየር ባለሙያው 38,000 ብር ጠይቋል፤ የቤቱ ባለቤት በጽሑፍ ስለ ፈቀዱ ይህን በቅድሚያ እናሠራለን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳችን በወር 500 ብር፣ በጠቅላላው 6,500 ብር ለአንድ ዓመት ልናስገባ ፈርመናል። በእነርሱ ሒሳብ የአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍተት 590 ብር ስለሆነ የእኛ መዋጮ በወር አሥራ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል። የቀረው 52,000 ብር የስምንት ወር መዋጮ ያህል ነው፤ ከመካከላችን ሥራ የሚያጣ ወይም የሚቸገር ቢኖር ለማእከሉ የገባነው ቃል እንዳይታጠፍ በማኅበሩ ሒሳብ ይቀመጣል። የሆቴሉን ዝግጅት ትተነዋል። ሐሳቡን ያቀረበው ጓደኛችን የተገልጋይዋን መልስ ካነበበ በኋላ ራሱ ተወው።

አማካሪዎቹ ለምን እንደ ለቀቁም ጠይቀናል። አንደኛዋ የሄደችው በእርግጥም ሱፐርቪዥን በማጣቷ ነበር። ዳይሬክተሩ ከወርኃዊው ገንዘብ የተወሰነውን ለዚህ ቢያውሉት እንደማንቃወም በደብዳቤያችን ጽፈናል። የእድሩን ጸሐፊ ጥያቄም አቅርቤያለሁ፤ አዲስ አማካሪ ከተቀጠረ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሊሆን እንደሚችል ስለ ነገሩኝ፣ አባባ፣ በግል መልእክት ስልክዎን ቢልኩልኝ አገናኛችኋለሁ።

አንድ ነገር ሳይፈታ ቀርቷል። መስማት የተሳናቸው ሦስት ሰዎች ለምክር አገልግሎት ተመዝግበው እየጠበቁ ነው። ችግሩ የአስተርጓሚው ክፍያ ብቻ አይደለም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ ውስጥ ሁሉም አስተርጓሚዎቹን በቅርብ ስለሚያውቃቸው፣ ሦስቱም በሚያውቁት ሰው ፊት ምስጢራቸውን መናገር እንደማይፈልጉ ገልጸዋል። የምልክት ቋንቋ የሚችል የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ውጭ ሆኖ በቪዲዮ ሊያስተረጉም የሚችል ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ስሙን እዚህ ሳትጽፉ በግል መልእክት ብታሳውቁኝ ለማእከሉ አደርሳለሁ።